ኢሜይሉ የማን ነው?

(ድሬዳዋ ላይ ለአገር በቀል በጎ አድራጎት ድርጅቶች ሠራተኞች ከቀረበ ንግግር፣ ለንባብ እንዲመች ትንሽ ተስተካክሎ የተጻፈ)

እንደምን አደራችሁ። ሙቀቱ ሳይበረታ ብንጨርስ ለሁላችንም ይሻላል። ስለዚህ በቀጥታ ወደ ጉዳዩ ልግባ።

የተጠራሁት ስለ ኢሜይልና ስለ ስልክ አፖች እንድናገር ነው። "የትኛውን አፕ እንጠቀም?" የሚለውን እመልሳለሁ። ከዚያ በፊት ግን እኔም አንድ ጥያቄ አለኝ። ድርጅታችሁ ለለጋሹ የሰጠው የኢሜይል አድራሻ የማን ነው?

አንዳንዶቻችሁ እየሳቃችሁ ነው። ገብቶኛል።

ብዙዎቻችን ጋ ነገሩ እንዲህ ነው። ድርጅቱ ሲቋቋም ኮምፒውተር የሚችል አንድ ልጅ ነበር። በራሱ ስም ጂሜይል ነበረው፤ ፎርሙ ላይ እሱ ተሞላ። ከለጋሹ፣ ከኦዲተሩ፣ ከባንኩ ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ እዚያ ገባ። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ የልጁም ኮንትራት አለቀ። ጅግጅጋ ወይ አዲስ አበባ የተሻለ ደመወዝ አገኘ። ደግ አደረገ፤ ማንም ያደርገዋል። የድርጅቱ ማህደር ግን አብሮት ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። አካውንቱን በሌላ ኮምፒውተር ለመክፈት ሲሞከር ማረጋገጫ ኮዱ የሚገባው ልጁ ስልክ ላይ ነው። ይደወልለታል። "ወንድሜ፣ አሁን ኮድ ይመጣልሃል፤ ቶሎ አንብብልን።" እሱ ስብሰባ ላይ ነው። ሲወጣ ያነባል፤ ኮዱ ጊዜው አልፎበታል። እንደገና ይላካል። በሦስተኛው "አቦ፣ ስልኬን ለምን ከዚህ ነገር አታወጡትም?" ይላል። እውነቱን ነው።

ይሄ የቴክኖሎጂ ችግር አይመስለኝም። በወረቀት ዘመን ይሄ ጣጣ አልነበረብንማ። መዝገብ ቤት ነበረን። ደብዳቤ ሲመጣ መጀመሪያ ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ከማን እንደመጣ፣ ስለምን እንደሆነ። ከዚያ ኃላፊው ጋ ይገባል። ኃላፊው ያነብና ጠርዙ ላይ ይመራዋል፦ "ለፋይናንስ ክፍል፣ አጣርታችሁ መልስ ስጡ።" ፊርማና ቀን ያርፍበታል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደብዳቤው ባለቤት አለው። ጉዳዩ ቢጓተት የት ጠረጴዛ ላይ እንደተኛ ይታወቃል። ሠራተኛው ቢለቅም ፋይሉ መደርደሪያው ላይ ይቀራል።

መዝገብ ቤትን ላሞካሽ አልመጣሁም። "ፋይሉ አልተገኘም፣ ነገ ተመለሱ" ተብለን ያልተመላለስን ማን አለ? ቢሆንም ሁለት ነገር ያውቅ ነበር። ደብዳቤ የሚጻፈው ለመሥሪያ ቤቱ ነው፤ የሚመራው ደግሞ ለአንድ ሰው ነው። ወደ ኢሜይል ስንሻገር ሁለቱንም ጥለናቸው መጣን።

ግልባጭን ተመልከቱ። በወረቀት ጊዜ ግልባጭ ወጪ ነበረው። ኮፒ ይደረጋል፣ ፖስታ ይገዛል፣ ተላላኪ ይወስደዋል። ስለዚህ "ለማን ያስፈልጋል?" ተብሎ ይታሰብበት ነበር። አሁን ነጻ ነው፤ ለሰባት ሰው ይላካል። ሰባቱም ያነባሉ። ሰባቱም "እገሌ ይመልሰዋል" ብለው ስልካቸውን ኪሳቸው ይከታሉ። በሳምንቱ ለጋሹ "መልእክታችን ደርሷችኋል ወይ?" ብሎ ይጽፋል። እሱንም ለሰባቱ።

እንግዲህ ምን ይደረግ? መጀመሪያ አድራሻው የሥራ መደቡ ይሁን። የፋይናንስ፣ የፕሮግራም፣ የአስተዳደር እያላችሁ። አቅም ያለው ድርጅት የራሱን ዶሜይን፣ ማለትም በስሙ የሚጠራ የኢንተርኔት አድራሻ ይግዛ። የሌለው በድርጅቱ ስም አንድ ነጻ ጂሜይል ይክፈት፤ ምንም ነውር የለውም። ዋናው ነገር ከጀርባው ያለው ስልክ ቁጥር ነው። ሲም ካርዱ በድርጅቱ ስም ይውጣ፤ ስልኩም ቢሮ ይቀመጥ። ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ፣ ማለትም ከፓስዎርዱ ሌላ ኮድ የሚጠይቀውን ስታበሩ ጉግል ለክፉ ቀን የሚሆኑ 10 የመጠባበቂያ ኮዶችን ያወጣላችኋል። አትሟቸውና ከማህተሙ ጋር ካዝና ውስጥ ቆልፉባቸው። ያን ጊዜ የለቀቀ ሠራተኛ ጋ መደወል ቀረ።

ፓስዎርድ ለአምስት ሰው ማደልም ይቅር። ጂሜይል ላይ ፓስዎርዱን ሳትሰጡ ሌሎች ሰዎች በየራሳቸው አካውንት ገብተው የድርጅቱን ሳጥን እንዲያነቡና እንዲመልሱ መፍቀድ ይቻላል። በነጻው ጂሜይል እስከ 10 ሰው ድረስ። የሚስተካከለው በኮምፒውተር፣ በቅንብሩ ገጽ ነው። ሰው ሲለቅ ፈቃዱን ማንሳት ብቻ ነው። ልመና የለ፣ ኩርፊያ የለ።

ሌላው፣ ጠዋት ጠዋት ሳጥኑን ከፍቶ የሚመራ አንድ ሰው ይኑር። ዳይሬክተሩ ባይሆን ይመረጣል፤ ዳይሬክተር ሁሌ ስብሰባ ላይ ነው። ጸሐፊዋ ወይም የአስተዳደር ሠራተኛው ከበቂ በላይ ናቸው። መልእክቱን ለሚመለከተው ሲያስተላልፉ መጀመሪያው መስመር ላይ የአንድ ሰው ስም፣ ሥራውና ቀኑ ይግባ። "እገሌ፣ የሩብ ዓመቱን ሒሳብ እስከ ሐሙስ መልስላቸው።" በቃ። ሌሎቹ ግልባጭ ላይ ያሉት "ለማወቅ ብቻ" እንደሆነ ይረዱታል።

የድሮ ፕሮጀክት አካውንት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልብ በሉ። ጉግል ለ2 ዓመት ያልተነካ የግል አካውንት ከነሙሉ ይዘቱ ሊሰርዝ ይችላል። ይህን መመሪያ ሥራ ላይ ማዋል የጀመረው በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ ነው። ኦዲተር ከሦስት ዓመት በፊት የተጻፈ ኢሜይል አምጡ ሲላችሁ ያን ጊዜ ነው የምታስታውሱት። ዛሬ ቢሮ ስትመለሱ ክፈቷቸው።

ቦታ ስለመሙላትም አንድ ልበል። ነጻው አካውንት 15 ጊጋባይት ይሰጣል፤ ግን ኢሜይሉም፣ የጉግል ፋይል ማስቀመጫው ድራይቭም፣ ፎቶውም የሚካፈሉት እሱኑ ነው። የመስክ ሠራተኛው ስልኩ ላይ የቢሮውን አካውንት ይከፍትና የፎቶ ባክአፑን ሳያጠፋ ይቀራል። የጉድጓድ ቁፋሮው፣ የሥልጠናው፣ የእህቱ ሠርግ፣ ሁሉም ይጫናል። አንድ ቀን ሳጥኑ ሙሉ ይሆናል። ክፋቱ፣ የትኛው ኢሜይል እንደቀረባችሁ አታዩም። ኢሜይሉ ተመላሽ የሚሆነው ላኪው ጋ ነው። ለጋሹ "አልደረሰም" የሚል ማስታወቂያ ያነባል፤ እናንተ "ዘንድሮ ጸጥ አሉ" ትላላችሁ። ስለዚህ በቢሮው አካውንት ላይ የፎቶ ባክአፕ ይጥፋ። ፎቶ ለሌላ ቢሮ ስትልኩም ድራይቭ ላይ አድርጋችሁ ሊንኩን ስጡ። በጂሜይል የሚያያዝ አባሪ ከ25 ሜጋባይት አያልፍም። ቢያልፍ እንኳ ገጠር፣ ጀልዴሳ ላይ ሆኖ በሞባይል ዳታ የሚከፍተው ልጅ ይረግማችኋል።

አሁን ትንሽ የምቆይበት ቦታ ላይ ደረስን። የተላከን ነገር መልሶ ማግኘት።

ጂሜይል በእንግሊዝኛ ሲፈልግ ጎበዝ ነው። አማርኛ ላይ ይቸገራል፤ ግማሹ ጥፋት የኛው ነው። አንዱ "ውሃ" ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው "ውኃ"፣ ሦስተኛው "ዉሀ"። ለኛ ያው አንድ ነው። ለማሽኑ ሦስት የተለያየ ነገር ነው። በዚያ ላይ "ፕሮጀክት" ብላችሁ ስትፈልጉ "ለፕሮጀክቱ"፣ "በፕሮጀክታችን" የሚለው ሊያመልጣችሁ ይችላል። ድሬዳዋ ደግሞ በአንድ ቢሮ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ የሚጻፍባት ከተማ ናት። የአንድ ቀበሌ ስም በአራት ዓይነት አጻጻፍ ተጽፎ ይገኛል።

ከዚህ የባሰው የርእሱ መስመር ነው። በወረቀት ደብዳቤ ላይ "ጉዳዩ፦" ብለን አስምረንበት ነው የምንጀምረው። ኢሜይል ላይ ግን ባዶ እንተወዋለን፤ ወይ "ሰላም" እንላለን። ወይ ደግሞ አዲስ መልእክት መክፈት ይሰለቸንና ዐምና የመጣውን ኢሜይል ፈልገን "መልስ" የሚለውን እንጫናለን። ከዚያ ርእሱ "እንኳን ለመስቀል በዓል አደረሳችሁ" ይላል፤ ውስጡ የኦዲት ጥያቄ ነው። በሚያዝያ ያንን ማን ያገኘዋል?

መፍትሔው እዚያው መዝገብ ቤት ነው፤ ቁጥር። ለእያንዳንዱ ሥራ አጭር መለያ ስጡት። ጀልዴሳ ላይ ለሚሠራ የ2018 የውሃ ሥራ "ጀል-18" ብላችሁ ተስማሙ። እሱ በኢሜይሉ ርእስ ላይ ይግባ፣ በፋይሉ ስም ላይ ይግባ፣ በወረቀቱ ደብዳቤ ላይም ይግባ። ከውጭ አጋር ጋር ስትጻጻፉ ያንኑ በላቲን ፊደል አድርጉት፤ አጋሩም ሲመልስ ሳያውቀው ይዞት ይመጣል። የፋይል ስም ላይ ዓመትና ወሩ ከፊት ይቅደም። "ሪፖርት የመጨረሻ"፣ "ሪፖርት የመጨረሻ አዲስ"፣ "ሪፖርት እውነተኛው የመጨረሻ" የሚባል ነገር ያለበት ቢሮ እጁን ያውጣ። ተዉት፣ አታውጡ።

ፊደልን ካነሳን አይቀር፣ የድሮ የአማርኛ ፎንት አሁንም የምትጠቀሙ ተዉ። የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተርና ስልክ ሁሉ በጋራ በሚጠቀሙበት የፊደል ኮድ ውስጥ የገባው በፈረንጆቹ 1999 ነው፤ ይሄው ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ሆነው። ከዚያ በፊት በነበሩት ፎንቶች የተጻፈ ደብዳቤ ቢሮው ኮምፒውተር ላይ ያምራል፤ ስልክ ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ዝብርቅርቅ ይሆናል። ተቀባዩ ስልክ ብቻ ያለው የቀበሌ ሊቀመንበር ከሆነ ምንም አልላካችሁለትም ማለት ነው። ስልክ ላይ የጉግል ኪቦርድ አማርኛ አለው። መተየብ የሚያሰለቻችሁም ማይክሮፎኑን ተጭናችሁ በአማርኛ ተናገሩለት፤ ከ2017 ጀምሮ በፈረንጆቹ፣ ይጽፋል። ሲጽፍ ይሳሳታል፤ ሳታነቡ አትላኩ።

ወደ ስልኩ እንምጣ። የኔ አቋም ቀላል ነው። ስልክ ለማንበብ፣ ለመጣልና ለመምራት ነው። በጀት ያለበትን፣ ሰው ሊያስቀይም የሚችለውን፣ ለለጋሽ የሚሄደውን መልስ ባጃጅ ውስጥ ሆናችሁ በአውራ ጣት አትጻፉ። እጃችሁ ከቀደማችሁ ደግሞ ጂሜይል በኮምፒውተር ላይ የተላከን መልእክት ለመመለስ እስከ 30 ሰከንድ ይሰጣል። ካልነካችሁት 5 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ቅንብሩ ውስጥ ገብታችሁ ወደ 30 ከፍ አድርጉት።

ማስታወቂያ የሚሉትን ድምፅ አጥፉት። የጂሜይል አፕ አስፈላጊ ለሚላቸው ብቻ እንዲጮህ ማድረግ ይቻላል፤ እሱ ይበቃል። ቀን ሙሉ እየጮኸ ሥራ የሚያሠራ ስልክ አላየሁም። በቀን ሁለት ጊዜ መድቡለት። ጠዋት ስትገቡና ከሰዓት በኋላ ልትወጡ ስትሉ። (ድሬ ላይ ከምሳ በኋላ የተላከ ኢሜይል መልሱ ከ10 ሰዓት በፊት እንደማይመጣ ሁላችንም እናውቃለን። ምክንያቱን አልናገርም።)

ኔትወርክ በሌለበት ለምትሠሩ፦ ቢዮ አዋሌ ወይም ዋሂል ከመውጣታችሁ በፊት የምትፈልጉትን ሰነድ ድራይቭ ላይ "ያለ ኢንተርኔት" የሚከፈት አድርጉት። እዚያ ከደረሳችሁ በኋላ አይሆንም። የቤት ለቤት መረጃ የምትሰበስቡ ከሆነ ቅጹን በወረቀት ሞልታችሁ ፎቶ እያነሳችሁ አትላኩ። ኮቦ የሚባለው አፕ ያለ ኔትወርክ ይሞላል፤ ከተማ ስትገቡ ራሱ እንዲልክ ማድረግ ይቻላል። ሳፋሪኮም ነሐሴ 2014 ሥራውን የጀመረው እዚሁ ድሬ ላይ ነው። ስለዚህ ብዙዎቻችሁ ሁለት ሲም አላችሁ። አንዱ ሲጠፋ በሌላው ዳታ መሥራትን ልመዱ።

ቴሌግራም። ይሄን ስል አንዳንዶቻችሁ ተነቃቃችሁ። እኔ ቴሌግራም አልጠላም። ደካማ ኔትወርክ ላይ ይሠራል፤ እስከ 2 ጊጋባይት የሆነ ፋይል ይቀበላል። ለመጠራራት፣ "መኪናው ወጥቷል" ለማለት እሱን የሚያህል የለም። ውሳኔ ግን እዚያ አይኑር። ዳይሬክተሩ ማክሰኞ ማታ "ግዢው ይፈጸም" ይላል፤ ከላዩ ላይ አርባ "መልካም በዓል" እና አበባ ይዘንብበታል። በቃ ተቀበረ። ስምምነቱ ቴሌግራም ላይ ከተደረሰ ያው ሰው ሁለት መስመር ኢሜይል ይጻፍ፤ "ዛሬ በቴሌግራም በተነጋገርነው መሠረት…" ብሎ። ማህተም ያለበት ደብዳቤ ስትልኩም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት። እንደ ፎቶ ሲሄድ ይጨመቅና ማህተሙ ሰማያዊ ጭጋግ ይሆናል። ከዚያም የሚሻለው ድራይቭ አፕ ላይ ባለው ስካን ፒዲኤፍ ማድረግ ነው።

ሌላው ግን ቀልድ የለውም። የተረጂዎች ስም ዝርዝር፣ የልጆች ፎቶ፣ የጤና ሁኔታ በግሩፕ መላክ። ግሩፑ ውስጥ ዐምና የለቀቀው ሹፌር አለ። የባለፈው ፕሮጀክት አጥኚ አለ። ስልኩ ፎቶውን ራሱ እያወረደ ጋለሪ ውስጥ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ቤት ውስጥ ልጆች ይጫወቱበታል። አሁን ደግሞ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። እንደ ጤና ያለ መረጃን ጠንቀቅ ብሎ እንዲያዝ ያዛል። አዋጁም ባይኖር፣ የቫይረስ ተጠቂ እናት ስሟ በሹፌሩ ስልክ ላይ ምን ይሠራል? ዝርዝሩ ድራይቭ ላይ ይቀመጥ፤ ማየት ለሚገባው ብቻ ይፈቀድ። ስልኮች ሁሉ መቆለፊያ ይኑራቸው። ባጃጅ ውስጥ የተረሳ ስልክ ከሩቅ ሆኖ መቆለፍና ማጥፋት እንደሚቻልም እወቁ፤ አገልግሎቱ መብራቱን ግን ስልኩ ሳይጠፋ አረጋግጡ።

ሰዓት። "ማክሰኞ 3 ሰዓት እንገናኝ" ብላችሁ ናይሮቢ ላለ አጋር ጻፋችሁ እንበል። እሱ ከሰዓት በኋላ ይላል፤ ለኛ 9 ሰዓት ነው። እናንተ ጠዋት ስክሪን ላይ ተጎልታችሁ ትጠብቃላችሁ። ጄኔቫ ደግሞ በእነሱ ክረምት በሁለት ሰዓት፣ በበጋቸው በአንድ ሰዓት ከኛ ወደኋላ ነው። ስለዚህ ሰዓት በቃላት አትጻፉ፤ በካሌንደር ግብዣ ላኩ። ለሁሉም በየአገሩ ሰዓት ራሱ ያስተካክላል። የማመልከቻ መዝጊያ በግሪንዊች 23፡59 ከተባለ ለኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ከ59 ነው። ያን ሰዓት ኔትወርክም መብራትም ተማምኖ የሚቀመጥ ካለ ጎበዝ ነው። እኔ ከሁለት ቀን በፊት ነው የምልከው።

አሁን ወደ ተጠየቅሁት። የትኛው አፕ? የቡድን ሥራ ማስኬጃ የሆኑት ትሬሎ፣ አሳና፣ ስላክ፣ ሁሉም ጥሩ ናቸው። ከአሥር ሰው በታች ለሆነ ቢሮ ግን አንድ የጋራ ሺት፣ ማለትም ሁሉም የሚከፍተው ሠንጠረዥ ይበቃል። ሥራው፣ ባለቤቱ፣ ቀኑ፣ የደረሰበት። ሰኞ ጠዋት አብራችሁ ክፈቱት። ምክንያቴ ገንዘብም ነው። በሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት አስተዳደራዊ ወጪያችን ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም። የቢሮ ኪራይም ኢንተርኔትም እዚያው ውስጥ ነው የሚቆጠረው። በየወሩ በዶላር የሚከፈል አፕ ከጥበቃው ደመወዝ ጋር ነው የሚጋፋው። ለጋሽ ይዞት የመጣ አፕ ከሆነ ተጠቀሙበት፤ ግን ፕሮጀክቱ ሳያልቅ መረጃችሁን አውርዱ። ክፍያው ሲቆም በሩም ይዘጋል።

በመጨረሻ ከናንተ የመጡ ሁለት ጥያቄዎችን ልመልስ።

አንዷ እህት "አቅራቢያችን የባንክ ሒሳባችን ተቀይሯል ብሎ ኢሜይል ላከ፤ ምን ላድርግ?" ብላለች። አትክፈይ። በኢሜይሉ ላይ ባለው ቁጥር ሳይሆን ውሉ ላይ ባለው ቁጥር ደውዪ። ሰውየው "እኔ አልላክሁም" ካለሽ ገንዘቡን አተረፍሽ።

ሌላው፣ "አለቃዬ ማታ 4 ሰዓት በቴሌግራም ሥራ ይልክልኛል። ልመልስ?" ይላል። ስሙን አልጠራም፤ አለቃውም እዚህ ሊኖር ይችላል። ጋሼ፣ ካሉ ይስሙኝ። ሌሊት ሐሳብ ከመጣልዎ ይጻፉት፤ ግን ጂሜይልም ቴሌግራምም መልእክትን ለነገ ጠዋት ቀጥሮ የመላክ አገልግሎት አላቸው። መላኪያውን ጫን አድርገው ይያዙት፣ ቴሌግራም ላይ ምርጫው ይወጣል። አስቸኳይ ከሆነ ደግሞ ይደውሉ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ሌሊት ሲመጣ የሆነውን እዚህ ያለ ሰው አይረሳም። ለእንደዚያ ያለ ነገር የሁላችሁም ስልክ ቁጥር በወረቀት ታትሞ በየቤታችሁ ይቀመጥ። ለጥያቄው ባለቤት ግን መልሴ ይሄ ነው፤ ካልተደወለልህ ተኛ፣ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ትመልስለታለህ።